ፍሙ ይነሣ፣ ቡፌው ይቆይ?

በጎጃም ያለች አንዲት ከተማ (ስሟን አልጠራም፣ ነዋሪዎቿ ያውቋታል) ሰሞኑን በአስፋልቱ ዳር በቆሎ መጥበስ፣ ድንች መቀቀልና ግብጦ እየሰፈሩ መሸጥ ከልክላለች። የተሰጠው ምክንያት ሁለት ነው፦ የከተማ ገጽታና የሕዝብ ጤና። ውሳኔው ሲብራራ ደግሞ ምክር ተመረቀበት፤ ቤተሰብ ያለው ሰው ቅዳሜና እሑድ መንገድ ዳር ከሚያላምጥ ቤቱ ገብቶ ንጹሕ ምግብ ይብላ ተባለ። ስለ ገጽታው ብዙ አልልም። የኮሪደሩን መብራትና ዘንባባ እንደ አምሮታችሁ አድርጉት። የጤናው ሰበብ ግን አይዋጥልኝም።

በዚያው አስፋልት ላይ ያሉት ሥጋ ቤቶች ቅዳሜ ከጠዋት ጀምረው ቁርጥ ሲመዝኑ ይውላሉ። ኮሶ ከየት እንደሚመጣ ለጎጃም ሰው አይነገርም፤ በከብቱ ሥጋ ውስጥ የተሸሸገው እጭ እሳት ይገድለዋል፣ ሚጥሚጣ አይገድለውም። ቁርጥ ይከልከል አላልኩም፤ ማንም ይህን በእኔ ላይ እንዳያላክክ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እሳት ያልነካው ምግብ ንግድ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲሸጥ፣ ከፍም ላይ የወረደው ለምን በደንብ አስከባሪ ይባረራል? ስሌቱ የጤና ከሆነ የተሠራው ተገልብጦ ነው።

እሸት በቆሎን እንየው። ሜጫ፣ ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናን የበቆሎ አገር ናቸው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እሸቱ ይደርሳል፤ በቆጋ መስኖ የሚለማው ደግሞ በበጋም ይመጣል። ነጋዴዋ ከገበሬው ስትገዛ ሽፋኑን ገለጥ አድርጋ ፍሬውን በጥፍሯ ትወጋዋለች። ወተት የመሰለ ነገር ካፈናጠረ ደርሷል፤ ውሃ ከሆነ ጮርቃ ነው፤ ምንም ካልወጣው አልፎበታል፣ ቢጠበስ ጥርስ ይፈትናል። እሸት ከተቆረጠ በኋላ ስኳሩ ወደ ስታርች ስለሚለወጥ ያደረው ጣዕሙ ይወርዳል፣ ደንበኛም ያውቅበታል። ስለዚህ ጠዋት የገዛችውን እስከ ማታ መጨረስ አለባት፣ አለዚያ ኪሳራው የራሷ ነው። ከዚህ የበለጠ የትኩስነት ዋስትና የሚሰጥ ተቆጣጣሪ ካለ ይምጣና እንየው።

ሽፋኑ የሚላጠው እሳቱ አጠገብ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፍሬውን አቧራም ዝንብም አልደረሰበትም። ከሰሉ ነበልባሉን ጨርሶ ላዩ ነጭ አመድ እስኪለብስ ይጠበቃል። ነበልባል ላይ የተጣደ በቆሎ ውጭው ከስሎ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ በቅጡ ያልተያያዘ ከሰል ላይ የተጣደ ደግሞ ጭስ ጭስ ይላል። ስለ ጭሱ የሚያማርር ካለ መድኃኒቱ ከሰሉ እስኪቀላ መታገሥ ነው፤ ለዚህ ደንብ ማውጣት አያስፈልግም። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር በአንድ ጎን ሳያከርሙ ማገላበጥ ነው፤ ወርቅማ ሆኖ እዚህም እዚያም ጠቆር ሲል ወጣ። ከዚያ በራሱ ሽፋን ተጠቅልሎ፣ ጣት እያቃጠለ፣ ለገዢው ይሰጣል። ሳህን የለም፣ ሹካ የለም፣ በአንድ ባልዲ ውሃ ሲለቀለቅ የዋለ ብርጭቆ የለም። ንጽሕና ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ ይንገሩን።

አሁን ክልከላው ወዳልነካው የሆቴሎች የእሑድ ቡፌ እንሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፤ የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ ወይም ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ይቀመጥ፣ በመካከሉ ባለው ሙቀት ጀርም ይራባልና፤ እንዲሁ ተቀምጦም ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። የቡፌው ሩዝ ስንት ሰዓት ወጥቶ ስንት ሰዓት ይነሣል? ከሥሩ ያለችው እሳት ስትጠፋ ማን ያያል? በሩዝ ውስጥ መቀቀል የማይገድለው የባክቴሪያ ዘር አለ፤ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይነቃል፣ የሚለቀው የሚያስታውክ መርዝም ሩዙን መልሰው ቢያሞቁት አይጠፋም። ነገር ግን ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፣ አስተናጋጁም ከረባት አስሯል። እንግዲህ ጤና የሚለካው በከረባት ነው መሰለኝ!

ግብጦው ደግሞ የባሰ አስገራሚ ነው። ግብጦ ሲታጠብ ያየ ሰው ይህን ክልከላ አይፈርምም። ጥሬው መራራ ነው፤ መራራነቱም መርዝነት ያለው ነገር ስለሆነ ሳይወጣ ከተበላ ይጎዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ምጣድ ላይ ይቆላል፤ ከዚያ በጆንያ ታስሮ ወራጅ ውሃ ውስጥ ለቀናት ይነከራል፣ ወንዝ የሌለው በየጊዜው ውሃ ይቀይርለታል። መራራው ነገር በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ቀስ በቀስ ይለቃል። የቀኑ ቁጥር በራሱ ዋስትና አይደለም፤ አንዷን ፍሬ ላጥ አድርጎ መቅመስ ነው፣ ምላስ ላይ መረር ካለች ጆንያው ተመልሶ ይገባል። የቸኮለ ሰው መራራ ግብጦ ይዞ ገበያ ይወጣል፣ ውሃ መቀየር የሰነፈ ደግሞ የሸተተ። በመጨረሻ ይለቀለቃል፣ ጨው ይነሰነስበታል። እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ነበር፦ ወንዙ ንጹሕ ነወይ፣ የመጨረሻው እጥበትስ በቧንቧ ውሃ ነወይ? ከልካዮቹ ግን ይህን አላነሡትም። ስለ ግብጦ የሚያውቁት መንገድ ዳር መቀመጡን ብቻ ነው። ለአንድ ስኒ ቁርስ ብሎ ይህን ሁሉ ቀን የሚለፋ ቤተሰብ የት አለ? ቅዳሜ ከገበያ ሰፍሮ ይገባል እንጂ።

ቤት ደግሞ በራሱ ምግብን አይባርክም። ጓያ የሚበላው የት ነው? ቤት ነው፣ በሽሮም በቂጣም። ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት እሱ ብቻ ሲበላ እግር ይይዛል። ጓያ የሰበረው ሰው መንገድ ዳር በልቶ አልተሰበረም።

የሰንበቱን ማዕድ አልናቅሁም፤ እንዲያውም የሚመክሩን ሰዎች ድስት ጥደው ያውቁ እንደሆነ ነው የምጠራጠረው። ደህና ሽሮ ጊዜ ይበላል። ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ መጀመሪያ ያለ ዘይት በዝግታ ይቁላላል፣ ዘይቱና ነጭ ሽንኩርቱ ኋላ ይገባሉ። ለአንድ ኩባያ ምጥን ሽሮ ከሦስት እስከ አራት ኩባያ ውሃ ይበቃል። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጨመር ነው፤ የፈላ ውሃ ላይ የነሰነሰ ሰው ዱቄቱ ውጭው ቶሎ በስሎ ውስጡን ስለሚዘጋበት ጉብታ ሲያሳድድ ይውላል። ከዚያ በለሰለሰ እሳት እያማሰሉ ቢያንስ 20 ደቂቃ፤ ዘይቱ ወደ ላይ ወጣ ሲል ደርሷል። ቶሎ የወረደ ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይነፋል። ይህን ሁሉ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ አከራዩ ከሰል እንዳያነድ የከለከለው የቀን ሠራተኛ የት ያድርገው? አነባበሮ የሚያምረውስ ምጣድ ከየት ያምጣ? ለእሱ እኮ የእሑዱ የቤት ምግብ እትዬ ከድስት እያወጡ ከነሙቀቱ በአዋዜ የሚሰጡት የድንች ቅቅል ነው።

የዘይቱን ነገር ልተወው አልችልም። ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ የሚጠበስበት ዘይት ጠቁሮ፣ ገና ሳይግል እየጨሰ ቀኑን ሙሉ ሲሠራበት ይውላል፤ ይህ ትክክል አይደለም። የጠቆረ ዘይት ግን በሆቴል ጓዳም አለ፤ ልዩነቱ የመንገድ ዳሩን ገዢው ማየቱ ነው።

ከተማዋ የምር ጤና ካሳሰባት ሥራው ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዷ ነጋዴ ቧንቧ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሳሙና፤ ለሽፋኑና ለቆረቆንዳው አንድ ማጠራቀሚያ፤ ገንዘብ የሚቀበል እጅ ምግብ እንዳይነካ አንድ መቆንጠጫ። የተቆጣጣሪው ቴርሞሜትር ደግሞ በመጀመሪያ የቡፌው ሩዝ ውስጥ ይግባ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሳይነገራቸው።