ቱልቲፑን ቀይርልኝ

ዳታቤዙን እንዴት እንደሠራኸው የሚጠይቅህ የለም። ቱልቲፑን ግን ሁሉም ያርምልሃል።

ቱልቲፕ ማውሱን አንድ በተን ላይ አሳርፈህ ትንሽ ስትቆይ ብቅ የምትለው ሚጢጢ ጽሑፍ ናት። ዊንዶውስ ፎርምስ በሚባለው የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ ላይ የአንድ መስመር ኮድ ሥራ ነች። "ሴት ቱልቲፕ" ብለህ የበተኑን ስምና ጽሑፉን ትሰጣለህ፣ አለቀ። መቀየር ስትፈልግ ያንኑ መስመር በአዲስ ጽሑፍ ደግመህ ትጠራለህ። ለአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ፕሮግራም ስሠራ ግን ይቺው መስመር ስብሰባ አስጠራች። ያውም ቃለ ጉባኤ ተይዞ!

አጀንዳው "ሞዴል 22 አትም" የሚለው በተን ነበር። እኔ "የንብረት ወጪ ደረሰኙን ያትማል" ብዬ ጽፌበታለሁ። ኃላፊው "ይሄማ ባዶ ነው፤ ማን እንደሚፈርም ይግባበት" አሉ። ፋይናንስ "ስንት ኮፒ እንደሚታተም ይጨመር" አለ። ኦዲተሯ ደግሞ መመሪያው ሳይጠቀስማ ሞቼ ነው ቆሜ አሉ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው "ለምን በትህትና አይጀምርም?" ብሎ ጠየቀ። ሻይ መጣ። ከሻይ በኋላ ቱልቲፗ "ክቡር ተጠቃሚ ሆይ" ብላ የምትጀምር፣ ማኅተም ብቻ የሚጎድላት ደብዳቤ ሆና ወጣች።

እንደታዘዝኩ አስገባሁት። ችግሩ፣ ቱልቲፕ ትዕግስት የላትም። ማውሱ ካረፈ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ብቅ ትላለች፣ 5 ሰከንድ ትታያለች፣ ከዚያ እልም። ማንም ካልነካካት ልኳ ይሄ ነው። በ5 ሰከንድ ደግሞ "ክቡር ተጠቃሚ ሆይ፣ ይህ ቁልፍ በመመሪያው መሠረት" ድረስ ብቻ ይደረሳል። ኃላፊው ማውሱን ያነሳሉ፣ እንደገና ያሳርፋሉ፣ እንደገና ከ"ክቡር" ይጀምራሉ። ሲመራቸው ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር አያስጨርስም እኮ!"

ስንት ጊዜ እንደምትታይ የሚወስነውን "አውቶ ፖፕ ዲሌይ" የሚባል ቁጥር ከ5,000 ሚሊሰከንድ ወደ 30,000 ከፍ አደረግሁላቸው። ከዚያ ብዙም አይኬድም። ከ32,767 ካሳለፍካት አኩርፋ ወደ 5 ሰከንዷ ትመለሳለች። በማግስቱ ደግሞ "ሰንጠረዡን ሸፈነችው" ተብሎ ተደወለ።

ለነገሩ ወሬ የምታበዛ እርዳታ አዲስ አይደለችም። አፕል በ1991 እ.ኤ.አ. ሲስተም 7 በሚባለው የማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሲስተሙ "ባሉን ሄልፕ" የሚባል ነገር አምጥቶ ነበር። ካበራኸው ማውሱ በሄደበት ሁሉ እንደ ካርቱን አረፋ እየነፋ ይለፈልፋል። የዛሬዎቹ ቢያንስ ቁጥብ ናቸው፤ ግን ብዙዎቹ "ሰርዝ" የሚል በተን ላይ ወጥተው "ይሰርዛል" ይሉሃል። አይ መረጃ! አንዳንዱ በተን ደግሞ ሥራው ሲጀመር "ጀምር" የነበረው ወደ "አቁም" ይቀየራል፣ ቱልቲፑን የሚያስታውሰው የለም። በተኑ "አቁም" ሲል እሷ አሁንም "ሥራውን ይጀምራል" ትላለች።

ዋናው ጉድ ያለው ግን ግራጫው በተን ላይ ነው።

አንድ ቀን የመጋዘኗ ወይዘሮ ጋ ስደርስ ማውሱን "ሞዴል 22 አትም" ላይ አሳርፈው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ስክሪኑን ያያሉ። በተኑ ግራጫ ነው። ማብራሪያ ይወጣል ብለው እየጠበቁ ነው። ፕሮግራሙ ምክንያቱን አሳምሮ ያውቃል። የንብረት መጠየቂያው፣ ሞዴል 20፣ ስላልጸደቀ ነው በተኑን የዘጋው። ሁኔታው ሲቀየር የቱልቲፗ ጽሑፍ አብሮ እንዲቀየርም ኮዱ ውስጥ አለ። ነገር ግን ዊንዶውስ ላይ ለተዘጋ በተን የማውስ መልእክት አይደርሰውም። ሰው መጥቶ እንደቆመበት እንኳ አያውቅም። ልክ እንደ መስኮት ሠራተኛ ነው፤ ሁሉን አሟልተህ ስትመጣ "ምን ልርዳዎት?" ይልሃል፣ አንዲት ወረቀት ስትጎድልህ ቀና ብሎም አያይህ።

ደብሊው ፒ ኤፍ በሚባለው ሌላው የማይክሮሶፍት መሥሪያ ላይ ቢሆን "ሾው ኦን ዲሴብልድ" የምትባል ነገር አለች፤ እሷን ካበራህ የተዘጋውም ይናገራል። እኔ ግን ፎርምስ ላይ ስለሆንኩ በተኑን ፓኔል በሚባል ሳጥን ውስጥ አስገባሁትና ፓኔሉ እንዲናገርለት አደረግሁ። "ክቡር" የለ፣ "መመሪያ" የለ። "ሞዴል 20 አልጸደቀም" ብቻ።

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

"እሱንማ አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ማን ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ ነው የጠፋኝ። እሱን ጻፍበት።"

ይሄ ቀላል ነው። የአጽዳቂው ስም ዳታቤዙ ውስጥ አለ፤ ከዚያ አምጥቶ ቱልቲፗ ላይ መለጠፍ ነው። ለማስፈቀድ ኃላፊው ጋ ገባሁ። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ስም የእሳቸው ነበር። ትንሽ አሰቡና፣

"ስም ባይጠቀስ ጥሩ ነው፤ 'በሂደት ላይ ነው' በለው" አሉኝ።