የእግር ቁስል በግምት አይታከምም

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አይልም፤ ግን መናገር አለብኝ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ቤት ውስጥ የምናደርገው ነገር እግር እያስቆረጠ ነው።

ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ካልቸር መሥራት፣ ማለትም ከናሙና ባክቴሪያ አሳድጎ መለየትና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው መፈተሽ ነው። ከቁስሉ በተወሰደው ናሙና ያደገውን ባክቴሪያ ሳህን ላይ እንቀባዋለን። ከዚያ በመድኃኒት የተነከሩ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሱ ክብ ወረቀቶችን እንደረድርበታለን። በማግስቱ እናየዋለን። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ይታያል። የማይሠራ ከሆነ ባክቴሪያው ወረቀቱ ጥግ ድረስ ይበቅላል። ለወራት በራሱ ፈቃድ መድኃኒት ሲቀያይር የቆየ ሰው ናሙና ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ያንን ጥርት ያለ ክብ ፈልጌ አጣዋለሁ። አንዱ ወረቀት፣ ጥጉ ድረስ ባክቴሪያ። ቀጣዩም እንደዚያው። ያን ውጤት ጽፌ ስፈርም እጄ ይከብደኛል። ሳህኑ የማን እግር እንደሆነ ባላውቅም፣ እግር መሆኑን አውቃለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በዝምታ ነው። ስኳር ነርቭን ይጎዳል፤ እግር ይደነዝዛል። ጠጠር ጫማ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲፈትግ አይሰማም። ሰውየው የሚያውቀው ካልሲው ረጥቦ ሲያገኘው ነው። ስለማያመው «ቀላል ናት» ይላል። ትኩሳትም ላይኖረው ይችላል፤ ኢንፌክሽኑ ከባድ ሆኖ እንኳ። ስኳር ካለባቸው ሰዎች ከ19 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው የእግር ቁስል ያገኛቸዋል ተብሎ ይገመታል። ከቁስሎቹ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ያመረቅዛሉ።

ከዚያ የለመድነው ይከተላል። አንዱ ከራሱ ሕመም የተረፈውን አሞክሳሲሊን ያመጣል። ካፕሱሉ ይፈለቀቅና ዱቄቱ ቁስሉ ላይ ይነሰነሳል። ተዉ! እባካችሁ ተዉ! ዱቄቱ ላዩ ላይ ይጋገራል፤ መግሉ ከሥር ይቋጥራል። ላዩ ደርቆ ሲታይ «ዳነ» ትላላችሁ፤ ውስጥ ውስጡን ግን ወደ አጥንት እየሄደ ነው።

ደግሞስ ብትውጡትም የትኛውን ባክቴሪያ ለመግደል ነው? ስታፊሎኮከስ ኦሬስ በብዛት ይገኛል። የቆየ ቁስል ላይ ግን ኢ ኮላይ፣ ፕሮቲየስ፣ ክሌብሴላ፣ ሱዶሞናስ ተደራርበው ይገኛሉ። ሱዶሞናስን አሞክሳሲሊን ከመነሻውም አይነካውም። ካርቶን ሙሉ ብትጨርሱ ለውጥ የለውም። ስታፊሎኮከስም ቢሆን የድሮው አይደለም። ሜቲሲሊን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1959 ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1961 የማይበገርለት ዝርያ ተገኘ። ሁለት ዓመት ብቻ! ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ፣ መድኃኒቱን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ባክቴሪያውን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። አልሰማነውም። በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገመታል።

ሐኪም ፊት ቀርባችሁም የምታጠፉት አለ። «አንቲባዮቲክ ካልታዘዘልኝ አልታከምኩም» ትላላችሁ። ቁስል ሁሉ ኢንፌክሽን አይደለም። ካልቀላ፣ ካላበጠ፣ ካልሞቀ፣ ካላመመ፣ መግል ከሌለው፣ የሚያስፈልገው ማጽዳት፣ የሞተውን ሥጋ ማንሳት፣ እግሩ ላይ ጫና እንዳይኖር ማድረግና ስኳሩን ማስተካከል ነው። ይህ ሕክምና ነው፤ ዋናው ሕክምና። መድኃኒት የምትሸጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ቁስሉን ሳታዩ በስሙ ብቻ አትስጡ። ናሙና የምትወስዱ ባልደረቦቼም፣ ላዩን በጥጥ ጠርጋችሁ አትላኩልኝ። ላዩ ላይ ያለው ከቆዳ የመጣ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ቁስሉን አጽዱ፤ ከዚያ ከሥሩ ትንሽ ሥጋ ቆርሳችሁ ላኩ።

እንዳትሳሳቱ፣ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ውጤት እስኪደርስ ቁጭ ይበል አላልኩም። ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ከሸተተ፣ ጣቱ ከጠቆረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሐኪሙ መድኃኒት ያስጀምረዋል፤ የካልቸሩ ውጤት ከቀናት በኋላ ሲመጣ ደግሞ ውጤቱን አይቶ መድኃኒቱን ይቀይራል፣ ወይም የተገኘውን ባክቴሪያ ብቻ ለይቶ ወደሚመታ መድኃኒት ያወርደዋል። እናንተ ግን ሦስተኛው ቀን ላይ ስለተሻላችሁ አታቋርጡ። የተረፈውንም ለሌላ አታቀብሉ።

ስኳር ያለበት አባት ወይም እናት ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ካልሲያቸውን አውልቁላቸው። በጣቶቹ መካከል እዩ፤ ተረከዙን ገልብጣችሁ እዩ። እነሱ ጎንበስ ብለው ላያዩት ይችላሉ። ቁስል ካገኛችሁ ምንም ሳትነሰንሱ ይዛችኋቸው ሂዱ።

እስካሁን የዋጡት ነገር ካለም ባዶ ፓኬቱን ሳይቀር ይዛችሁ ሂዱ፤ አፍራችሁ አትደብቁ። መድኃኒት የዋጠ ሰው ናሙና አንዳንዴ ሳህኑ ላይ ምንም አያበቅልም። እኔ «ምንም አልተገኘም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ባክቴሪያው ግን አጥንቱ ውስጥ ተቀምጧል።