አደራ ሰጪው በማያይበት

እኔ በምኖርበት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ምድር ቤት አንዲት እናት ይኖራሉ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ታክሲ ይይዛሉ፤ መገናኛ ወርደው ሌላ ታክሲ ይቀይሩና አራት ኪሎ፣ የድሮ ሰፈራቸው ድረስ የእድር መዋጮ ሊከፍሉ ይሄዳሉ። ጠርዙ የተበላውን የክፍያ ደብተር በፌስታል ጠቅልለው በነጠላቸው ሥር ይይዙታል። እዚህ አባዶም እድር ገብተዋልና የሚከፍሉት ለሁለቱም ነው። ልጃቸው አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ያኛውን ለምን አትተይውም? ለታክሲ የምታወጪው ከመዋጮው ይበልጣል እኮ» ስትላቸው ሰምቻለሁ። «አባትሽን የቀበሩት እነሱ ናቸው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ይህ መልስ ስለ ታማኝነት ደጋግሜ እንዳስብ አድርጎኛል። «አማኝ» የሚያምን ሰው ነው፤ «ታማኝ» ደግሞ የሚታመን። ቃሉ ራሱ እንደሚነግረን ታማኝነት ሰው ለራሱ የሚሰጠው ማዕረግ ሳይሆን ሌላው በእሱ ላይ የጣለው እምነት፣ ማለትም አደራ ነው። በዛሬው ንግግራችን ግን ትርጉሙ እየጠበበ መጥቷል። በመሥሪያ ቤት «ታማኝ ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ አለቃውን የማይቃወም ሠራተኛ ነው፤ በፖለቲካው መንደር ደግሞ የወገኑን ጥፋት የሚሸፍን። ይህን አጠቃቀም አጥብቄ እቃወማለሁ። ሹመት እስካለ ድረስ የሚከተል፣ ሹሙ በወረደ ማግስት ሰላምታ የሚነፍግ ሰው መጀመሪያውኑ የታመነው ለወንበሩ እንጂ ለሰውየው አልነበረም።

የአፄ ቴዎድሮስን የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬን በዚህ ሚዛን ማየት ይቻላል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በታች በእሮጌ ሜዳ ሲወድቁ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት አብዛኛው ከድቶ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከሦስት ቀን በኋላ በገዛ እጃቸው ሞቱ። በዚያ ሰዓት ከጌታቸው የሚጠብቁት ሹመትም ሽልማትም አልነበረም። እርግጥ የፊታውራሪው ታማኝነት የንጉሡን ጭካኔ አያጥብም፤ ለሰው መታመን የዚያን ሰው ሥራ ሁሉ ትክክል አያደርገውም።

ነገሩን በጥልቀት የሚያሳየኝ ግን የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ብዙዎቻችን የፍቅር ታሪክ አድርገን እናነበዋለን፤ ለእኔ ግን ታማኝነቶች እርስ በርስ የሚጋጩበት መጽሐፍ ነው። በዛብህን ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ተስለው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሰጥተውታል፤ ሚስት ማግባትም ተከልክሏል። ስለቱን የተሳለው እሱ አይደለም፤ ሆኖም የእናትና የአባቱ ቃል በትከሻው ላይ ነው። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ታዲያ አንዱን አደራ ሳይነካ ሌላውን መጠበቅ የማይችልበት ቦታ ላይ ቆመ። ሰው ራሱ ባልገባው ቃል ሊታሰር ይገባዋልን? ደራሲው ቀላል መልስ አልሰጠንም፤ በዛብህም ሁለቱንም ተሸክሞ ሄደ። በዚህ ደራሲውን አመሰግነዋለሁ፤ ምክንያቱም በሕይወትም አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመን የታማኝነትና የክህደት ምርጫ ሳይሆን የሁለት ታማኝነቶች ትግል ነው።

የዚሁ መጽሐፍ ጉዱ ካሳስ? የመሳፍንቱና የመኳንንቱ ሥርዓት ኢፍትሐዊ መሆኑን ለገዛ ዘመዶቹ ፊት ለፊት በመናገሩ እንደ እብድ ተቆጠረ። ዛሬ ቢኖር ወገኑን የከዳ ይባል ነበር። ነገር ግን በሰብለ አባት በፊታውራሪ መሸሻ ደጅ ይሰግድ የነበረው ሁሉ ሲበተን፣ ከበዛብህና ከሰብለ መቃብር አጠገብ የተገኘው እሱ ነው። እውነቱን የሚነግረን ሰው ከሚያሞግሰን ይልቅ ታማኝ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ገጸ ባሕርይ በአማርኛ ልብ ወለድ አላውቅም።

አባቶች «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። የአደራ ጥብቅነቱ አደራ ሰጪው በማያይበት ጊዜ ነው። ጎረቤቴ ወደ አራት ኪሎ መሄድ ቢያቆሙ ጠያቂ የላቸውም፤ ባለቤታቸውን ተሸክመው የቀበሩት ሽማግሌዎች ግማሾቹ ራሳቸው አርፈዋል፤ የቀሩትም ብዙዎቹ ሰፈራቸው ሲፈርስ በየዳር ከተማው ተበትነዋል። ድንኳኑን የሚተክሉት ወጣቶችም ጥቂት ናቸው። እሳቸው ግን ለቅሶ ሲደርስ በትራፊክ መጨናነቅ ምክንያት ቀብሩ ቢያመልጣቸው እንኳ ከሰዓት ድንኳን ገብተው ይቀመጣሉ፣ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ሰሃን ያጥባሉ።

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴን ጉልበታቸውን አሟቸው መራመድ ተሳናቸው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ፌስታሉን ይዛ መገናኛ የሚሄደው ታክሲ ላይ ስትሳፈር ያየኋት ልጃቸውን ነው። ማምሻውን ደብተሩን አሳየችኝ፤ የእድሩ ጸሐፊ ከእናቷ ስም ትይዩ፣ ከፊርማው ጎን፣ «በልጃቸው እጅ» ብለው ጽፈውበታል።