ለባለ ዘጠኝ ስፒከሩ ምስጋና

ትናንት ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የመስኮቴ መስታወት ተንቀጠቀጠ። የመሬት መንቀጥቀጥ መስሎኝ ዘልዬ ተነሳሁ። በመጋረጃው ጥግ ሳጮልቅ የቆመች መኪና ናት። በሮቿን አራቱንም በርግዳ ለሰፈሩ ሁሉ ትዘፍናለች። ልሳደብ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በባዶ እግሬ ቆሜ ሳስበው፣ ለካ እነዚህን ሰዎች በወጉ ያመሰገናቸው የለም።

እናም እናመሰግናለን። ምን ልስማ ብሎ የመጨነቅ ጣጣ ገላግላችሁናል። እንቅልፍ የሚባለውን የጊዜ ብክነትም እንዲሁ።

አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ ሁላችሁም አንድ አንድ ስላላችሁ የራሳችሁን አስቡ። የመኪናው ቴፕ የተሠራው ለአራት ስፒከር ነው። ከጀርባው ለየስፒከሩ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስምንት ሽቦ ይወጣል። እሱ ግን ፋብሪካ ያስቀመጠለት ቁጥር አይገድበውም። ሽቦውን በጥርሱ ላጠና አምስተኛውን ስፒከር ከአንዱ ላይ ጠለፈው። ጮኸ! ስድስተኛውንም ጠለፈ። ናስትሮ ሲያልቅበት በቁስል ፕላስተር ጠቀለለው።

የመኪና ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነው፤ ኦም ማለት ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው እንቢተኝነት ነው። ሁለቱን በፓራለል፣ ጎን ለጎን፣ ስታስራቸው 2 ኦም ይሆናሉ፤ አራቱን ስታስራቸው 1 ኦም። ብዙዎቹ ቴፖች ደግሞ ከ4 ኦም በታች አትጫኑኝ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ኦሙ በወረደ ቁጥር ከረንቱ ይጨምራል፤ ቴፑ እንደ ካውያ ይግላል። ይህን ብነግረው "ሲሞቅ ነው ድምፁ የሚከፈተው" አለኝ። ሌላ መካሪ በሲሪስ፣ አንዱን ከአንዱ አስከትለህ፣ እሰራቸው አለው፤ ሁለቱ 8 ኦም ይሆናሉ፣ ቴፑም ያርፋል። ሞከረው። ድምፁ ቀነስ አለ። ከዚያ መካሪ ጋር እስካሁን አይነጋገሩም።

ቴፑ ፊት ላይ "50 ዋት በ4" የሚል ተጽፏል፤ ለአራቱም ስፒከር ሃምሳ ሃምሳ ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ለሱ ቃል ኪዳን ነው። ከ12 ቮልት ባትሪ ላይ ያ ቴፕ ሳይንተባተብ የሚያወጣው በአንድ መስመር 20 ዋት ገደማ መሆኑን ሰምቶ አያውቅም። 50ን በዘጠኝ ያባዛል። ከዚያ ወንዶች ሲሰበሰቡ "450 ዋት" ይላል፣ ልጁ በማዕረግ እንደተመረቀለት አባት።

ገና አልጨረስኩም። ሰባተኛው ላይ ሽቦ አጠረው። የመብራቱ ኔጌቲቭ ከቦዲ ጋር አይደል የሚታሰረው? የስፒከሩን ኔጌቲቭም እዚያው ቦዲው ላይ አሰረው። የዛሬ ቴፕ ግን በሁለቱም ሽቦ ድምፅ ይልካል፤ ቦዲ መንካት አይወድም። የመጀመሪያው ቴፕ ነፍሱን የሰጠው ያኔ ነው። ሁለተኛ ቴፕ ተገዛ። ፊውዙ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲቃጠልበት "ይሄ ፊውዝ ደካማ ነው" አለና የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ሰካበት። ከእንግዲህ የሚቃጠለው ሽቦው ነው፤ ቀጥሎ ወንበሩ። ዘፈኑ ግን አይቋረጥም።

ሰባተኛው በመጨረሻ ሲገባ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገለባብጧል። ጎረቤቱ ያለው ስፒከር ወደፊት ሲገፋ እሱ ወደኋላ ይስባል። ቤዙ እርስ በርሱ ተጠፋፋ። ሁለት ሽቦ ማገላበጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ጀግናችን ግን ቤዝ የጠፋው ስፒከር ስላነሰ ነው ብሎ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ገዛ። አሁን ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቷ ዓይኗን ትጨፍናለች። የሚንቀጫቀጨው ታርጋ አሥረኛ ስፒከር ሆኗል፤ እንዲያውም ጥርት ብሎ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ከኋላው ጥሩምባ ሲነፋበት አድናቆት ይመስለዋል፤ እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላም ይላል።

አንድ ቀን ሸኘኝ። የኋላ ወንበር ላይ ልጁ ነበረች። አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ሁለት መዳፏን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ መንገዱን ሙሉ አላወረደችም። አላለቀሰችም። ለምዳዋለች።

እዚህ ላይ አልቀልድም። ለአዋቂ ሠራተኛ የሚመከረው የድምፅ ገደብ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። 100 ዴሲቤል ከሆነ 15 ደቂቃ። የውስጥ ጆሮ ሴል አንዴ ከሞተ አይበቅልም፤ እንደ ቴፕ ሄደህ ሁለተኛ አትገዛም። አንተ መደንቆር ከፈለግክ ደንቁር፤ የሷን ጆሮ ማን ሰጠህ? አምቡላንስ ከኋላህ እየጮኸ መንገድ ዘግተህ ስትወዛወዝ፣ ውስጡ የተኛው ሰው ያንተ እናት ብትሆንስ?

ይቅርታ፤ ምስጋና ላይ ነበርን።

የትናንት ሌሊቷ መኪና ሞተሯ ጠፍቶ ነበር የምትዘፍነው። አርባ ደቂቃ ያህል ከዘፈነች በኋላ ድምፁ መንተባተብ ጀመረ፤ ከዚያ ጸጥ። ሹፌሩ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ባትሪው አልቋል። ወርዶ ግራ ቀኙን አየና መስኮቱ ላይ እኔን አገኘኝ። ሰው እንዳይረብሽ ነው መሰለኝ፣ በሹክሹክታ፦

"ጋሼ፣ ትንሽ ቢገፉልን?"

እጄን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

"ምን አልክ? ጮክ በል፣ አይሰማም!"