እልል በሉ፣ 58ኛ ወጥቷል!

ሰኔ 30 ደርሶ ካርድ ተሰጠ። የደረጃው ዝርዝርም ከ1ኛ እስከ 58ኛ፣ ከነአባት ስሙ፣ የክፍሉ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ የጭብጨባና የእሳት ምልክት ተደርድሯል። አንዱ ወላጅ «ተመስገን ነው፣ ፉክክሩ ለልጆቹ ጥሩ ነው» ብለው ጻፉ፤ የእሳቸው ልጅ 2ኛ ነው። ከ30ኛ በታች ያሉት ወላጆች አይተው ዝም ብለዋል። ይህን የመሰለ ጥበብ ሳናመሰግነው ክረምቱ እንዳይገባ።

የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጅን በምን እናነቃቃው ብሎ መጨነቅ ድሮ ቀረ። 11 እና 12 ዓመት «ጓደኞቼ ምን ይሉኛል» የሚባልበት ዕድሜ ነው፤ ልጁ ተሳስቶ ከሚሳቅበት እጁን ባያወጣ ይመርጣል። መድኃኒቱም ተገኝቷል፤ ጓደኞቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ስንተኛ እንደወጣ ማንበብ።

ስሌቱ ራሱ ያስደምማል። ስምንት ትምህርት፣ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ 800። ከላይ ሦስት አራት ልጆች ተራርቀው ይቀመጣሉ፣ ከታችም እንዲሁ፤ መሃሉ ግን እንደ ሰኞ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ተጠጋግቷል። ስለዚህ 23ኛዋ 571 ብታመጣ 31ኛው 566 ሊያመጣ ይችላል። አማካያቸው 71.38 እና 70.75 ነው። በአምስት ማርክ ስምንት ደረጃ! አምስቷ ማርክ የት ገባች? ሦስቷ የተቀነሰችው «በደብተር ንጽሕና» ነው፤ የአካባቢ ሳይንስ ደብተሩ የላስቲክ ልባስ ተቀዶ ነበር። ሁለቷ ደግሞ ጉንፋን ይዞት በቀረበት ቀን የተሰጠ ኩዊዝ ናት። አባት ግን ማታ «ከእሷ በምን ታንሳለህ? እሷ እንጀራ ትበላለች፣ አንተ ድንጋይ?» ይላሉ። እውነተኛው መልስ «በልባስ ነው አባዬ» ነበር፤ ማን ደፍሮ? የሚቀጥለው ዓመት የመነቃቃት ዕቅዱም ግልጽ ነው፤ ወፍራም ላስቲክ ይገዛ።

ከዚህ ሁሉ አኃዝ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አይገኝም፤ ልጁ ምን እንደማይችል። ለምሳሌ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ሲደምር ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ ሁለት አምስተኛ ብሎ ይጽፋል። ከግማሽ ላይ ጨምሮ ከግማሽ ያነሰ እንዳገኘ አላስተዋለም። አንድ ወረቀት ስድስት እኩል ቦታ አጥፎ ሦስቱን በአንድ ቀለም፣ ሁለቱን በሌላ ቢቀባ አምስት ስድስተኛው ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ ያንኑ የፈተና ጥያቄ ደግሞ ሠርቶ ቢመልስና መምህሩ ከጎኑ «ታህቶቹን አመሳስለሃል፣ አሁን ገባህ» ብለው ቢጽፉለት... ተዉት፣ ይህ ለባነር አይሆንም። ባነር ላይ የሚሰቀለው የ1ኛዋ ፎቶ ነው፤ እሷ ደግሞ ደብተር ባትሸለምም ታጠና ነበር።

ዓመቱን ሙሉስ ቢሆን መቼ ሰነፍን! መምህሩ ይጠይቃሉ፤ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ የፊት ወንበሮቹ አራት ልጆች ጣታቸውን እያጮሁ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» ይላሉ፤ አንዱ ይመልሳል፣ ይጨበጨባል፣ «ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!» ትምህርቱ ተሸፈነ። ሦስት ሰከንድ ዝም ብለው ቢጠብቁ ኖሮ ከኋላ ያለችውም ልጅ አስባ በጨረሰች፤ ግን ሦስት ሰከንድ ዝምታ ሥራ የፈቱ ያስመስላል።

ሳቁን ለአፍታ እንተወው። የ11 ዓመት ልጅን ሰልፍ ፊት አቁሞ «የመጨረሻው ይሄ ነው» ማለት ማስተማር አይደለም፣ ማዋረድ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ዱላውን ደብቀን ስም ዝርዝሩን ብናወጣ ያው ነው፤ ዱላ እንኳ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍም ነበር። ያ ልጅ መስከረም ላይ «ትምህርት አልወድም» ሲል የምንገረመው በምን አፋችን ነው?

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ካርዱ ላይ «የክፍል ኃላፊ መምህር አስተያየት» የሚል ሰፊ ቦታ አለ። እስከ 10ኛ ለወጡት «በጣም ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥል/ይ»፣ ለቀሩት 48 ልጆች «ለወደፊቱ በርታ/ቺ»። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ ያልተለየለት ምክር ነው። ምን ላይ ይበርታ? እሱን ክረምት ላይ ቤት ለቤት የሚያስጠናው ልጅ ይንገረው ተብሎ በወር ይከፈላል። አስጠኚውም መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ነው።