ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቀረ የለም

ብቸኝነት ያስቸገረው ሰው ካለ አሮጌ መኪና ይግዛ፤ ከዚያ መንገድ ላይ ኮፈኑን ይክፈት። በቃ፣ ሌላ መድኃኒት አያስፈልገውም።

እኔ ባለፈው ማክሰኞ ከፍቻለሁ። ቸርችል ዳገት ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ልደርስ ስል መንገዱ ተዘጋጋና ቆምን። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ አሮጌዋ ቶዮታ ዲኤክሴ ጠፋች። አስነሳኋት፣ ተነሳች። እግሬን አነሳሁ፣ ጠፋች። ስትነዳ ምንም አትል፤ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ግን አትቆምም። ባለ አሮጌ መኪናዎች ይህቺን በሽታ ታውቋታላችሁ። አንድ እግር ፍሬን ላይ፣ አንድ እግር ነዳጅ ላይ፣ ዳገት ነውና ፍሪሲዮኑም የራሱን እግር ይፈልጋል፣ ፈጣሪ ደግሞ የሰጠን ሁለት ብቻ ነው። የእጅ ፍሬኑ እንደሆነ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል።

ገፍተን ጥግ አስያዝናት። ኮፈኑን ገና ከፍ ሳደርግ የሕዝባችን ደግነት ወረደብኝ።

አንዱ ከማዶ፣ መንገዱን እንኳ ሳይሻገር፣ «ካንዴላ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ማለቱ ነው። ልብ በሉ፣ ሞተሩ ጠፍቷል፤ የሚሰማ ድምፅ የለም። ሐኪም ቤት ብትሄድ ደም ስጥ፣ ራጅ ተነሳ ይሉሃል፤ የኛ ሰው ግን አስፋልት ተሻግሮ በሽታ ያያል። ሌላው መጣና «ቤንዚኑ ቆሻሻ ነው፣ ከየት ነው የቀዳኸው?» አለ። መልሴን ሳይጠብቅ «እዚያማ አትቅዳ» አለኝ። ሦስተኛው የተማረ ነው መሰለኝ፣ ከፍታውን አነሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ለአየሩ መጠን ቤንዚን ያበዛል። እውነቱን ነው እኮ! ግን ዲኤክሴ ከዚህ ከተማ ሳትወጣ 40 ዓመት አልፏታል። ደጋ መሆኑን ማክሰኞ ዕለት ሰማች?

ሁሉንም ያስናቀው ግን ባለ ሱፉ ነው። እሱን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ቀስ ብሎ መጣ፣ ሰዎቹን በክንዱ ገለል አደረገ፣ እንደ ንስሐ አባት ጆሮውን ዘንበል አድርጎ «አስነሳ» አለ። አስነሳሁ። «አጥፋ» አለ። እሷ ቀድማው ጠፋች። «አየህ?» አለኝ። ምን እንዳየሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። «አስነሳ።» ሰባት ጊዜ አስነሳን፣ ባትሪው መድከም ጀመረ፣ ያኔ ቀና ብሎ በደርግ ጊዜ ስለነበረችው ቮልሱ መናገር ጀመረ። ወደ ደሴ እየሄደ፣ ጣርማ በር ላይ ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ይበጠሳል። ሌሊት ነው፣ ጉም ነው፣ ሰው የለም። ምን ይደረግ? ባለቤቱ ስቶኪንጓን አወለቀች፣ ቋጥሮ አሰረው፣ ቮልሷ ተነሳች። ደብረ ሲና ሻይ ጠጡ፣ ስቶኪንጉ ደህና ነው። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ እሳት ነው፣ ስቶኪንጉ ፍንክች አላለም። ከሚሴ ላይ አንድ ኢንጂነር ፈረንጅ አይቶ አለቀሰ። (ለምን እንዳለቀሰ አልተብራራም።) ኮምቦልቻ ላይ ቺንጋ የሚሸጥ ሱቅ አገኙ፣ ግን ለምን ብለው ይግዙ? ደሴ ገቡ፤ ተመለሱም፣ በዚያው ስቶኪንግ። አሁንም ቤት ውስጥ ተቀምጧል አለ። ሰዉ እየበዛ ሄደ፣ አንዱ «ናይሎን የድሮው ነው» ሲል ሌላው «የድሮ ነገር» ብሎ ተነፈሰ። ትራፊኩ ሊበትነን መጣ፣ «ምንድን ነው የምትሰበሰቡት?» ብሎ ተቆጣ፣ ነገሩ ተነገረው፣ ትንሽ ዝም አለና «ጥቁር ነው ቡኒ?» ብሎ ጠየቀ።

የኔ መኪና ቺንጋ ደህና ነው። ይህን ለመናገር ሞክሬ ነበር፣ ሰሚ አላገኘሁም።

በመጨረሻ አገራዊው መድኃኒት ታዘዘ፦ «ሚኒሞውን ከፍ አድርግላት!» አንድ ወጣት ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ። ካቻቢቴ ይዞ የሚዞር ሰው ምን ሥራ አለው ብዬ አልጠየቅኩም። ብሎኗን አጠበቃት፤ መኪናዬ ቆማ እንደ ሲኖትራክ አገሳች። አልጠፋችም! ተጨበጨበ። ልጅ ሲያለቅስ ድምፁ እንዳይሰማ ራዲዮ መክፈት ማለት ይሄ ነው፤ ቤንዚኑን ከፋዩ እኔ ስለሆንኩ ግን ለአጨብጫቢው ችግር የለውም።

ጋራዥ ወሰድኳት። ባለሙያው ኮፈኑን ከፍቶ በሁለት ሴኮንድ «ካርቡራቶሩ አልቋል፣ ቀይር» አለ። መብራት የያዘለት ረዳቱ፣ 15 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጎንበስ ብሎ እያየ ነበር። «ጋሼ፣ ይቺ ሽቦ ተላቃለች» አለኝ በቀስታ። አለቃው «ዝም በል አንተ!» ብሎ ማጅራቱን አለው።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ያ ልጅ የተመታው ስላየ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ያንን ሞተር አፍጥጦ ያየ እሱ ብቻ ነው። እኔስ እሺ፣ ደመወዝ አለኝ። በላዳ ልጆቹን የሚያሳድገው ሰውዬ ግን ካንዴላ ይገዛል፣ አልሆነም፤ ቦቢና ይገዛል፣ አልሆነም፤ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ ካርቡራቶር ይገዛል፣ «እስቲ ደግሞ ሌላ እንሞክር» ይባላል። በማን ገንዘብ ነው የምትሞክሩት? ሲሳሳት አንዲት ብር የማይከፍል ሰው እንዴት «ሳላየው አላውቅም» ማለት ያቅተዋል?

ልጁን ቆይቼ ብቻውን አገኘሁት። ካርቡራቶሩ ጎን ላይ አውራ ጣት የምታክል ነገር አለች፣ አንድ ሽቦ ይገባባታል። ቁልፉ ሲከፈት ኮረንቲ ስታገኝ የሚኒሞውን የቤንዚን መንገድ ትከፍታለች፤ ካላገኘች ዘግታ ትቀመጣለች፣ ስለዚህ እግርህን ስታነሳ ሞተሩ ይራባል። ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ከፈትኩለት። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጎ አስነካት። ጠቅ አለች። አነሳው፣ ደግሞ አስነካት፤ ጠቅ። ከዚያ አጥብቆ ሰካውና ያንን የተጨበጨበለትን ብሎን ወደ ቦታው መለሰው። መኪናዬ ቆማ እንደ ድመት ታንኮራፋ ጀመር።

ለወደፊቱ ብቻ ሰግቼ ነበር። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በየሰፈሩ የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፤ ሚኒሞ የለው፣ ካርቡራቶር የለው፣ ይህ ሁሉ ሊቅ የት ሊወድቅ ነው? ቅዳሜ የጎረቤቴ አዲሷ ኤሌክትሪክ በራችን ላይ ቀጥ አለች። ከፈታት። አምስት ስድስት ሰው ተሰበሰበ። ውስጧን አዩ፣ ሳጥን ነው፣ ብርቱካንማ ገመድ ነው። ማንም ትንፍሽ አላለም። ልቤ ራራ፣ እውነቴን ነው። ይሄኔ ከማዶ አንዱ፣ መንገዱን እንኳ ሳይሻገር፣ «ካንዴላ ነው!»