ስለ ጊልክሪስት፦ ከሲክሱ በፊት አያያዙን እዩ

ስለ አውስትራሊያዊው የክሪኬት ተጫዋች አዳም ጊልክሪስት የወጣው ጽሑፍ እሱን በ100 የቴስት (እስከ አምስት ቀን የሚቆይ የአገሮች ግጥሚያ) ሲክሶቹ ብቻ መለካቱ ያስቆጫል፤ ሲክስ ኳሷ መሬት ሳትነካ ከሜዳው ድንበር የምታልፍበት፣ ስድስት ሩጫ (ነጥብ) የሚያስገኝ ምት ነው። ቁም ነገሩ ያለው መምቻውን አያያዙ ላይ ነው። በግራ በኩል ስለሚመታ ምቱን የሚመራው ከላይ ያለው ቀኝ እጁ ነበር፤ እጀታውንም ወደ ጫፉ አካባቢ ይጨብጠው ነበር። የታችኛው እጅ ካጠበቀ የመምቻው ፊት ይዞራል፣ ኳሷም በቀጥታ መሄዷን ትታ ወደ ላይ ትነሳና ለመቀለብ ትመቻለች። በ2007 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ባርቤዶስ ላይ በታችኛው እጁ ጓንት ውስጥ የስኳሽ ኳስ የከተተው ለዚሁ ነው፤ እጁ አጥብቆ እንዳይጨብጥ። በዚያ ፍጻሜ በስሪላንካ ቡድን ላይ በ104 ኳስ 149 ሩጫ አስቆጠረ።

ድክመቱም መነገር ነበረበት። በ2005ቱ አሽስ (የእንግሊዝና የአውስትራሊያ የቴስት ውድድር) እንግሊዛዊው ኳስ ወርዋሪ ፍሊንቶፍ የሚወረውርበትን ጎን ቀይሮ ኳሷን ወደ ሰውነቱ አጠጋበት። ክንዱን የሚዘረጋበት ቦታ አጣ፤ በአምስቱም ግጥሚያ አንድ ጊዜ እንኳ 50 ሩጫ አልደረሰም።

እንዲያም ሆኖ በ96 ቴስት አማካዩ፣ ማለትም ከጨዋታ በወጣ ቁጥር ሲካፈል ያስቆጠረው፣ 47.60 ሩጫ ነው። ያውም በአብዛኛው 7ኛ መቺ ሆኖ እየገባ፣ ተጋጣሚ ሲመታ ደግሞ ከዊኬት (ከመቺው ኋላ ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች) ጀርባ ቁጢጥ ብድግ ሲል እየዋለ! እዚያም 379 መቺዎችን ኳሷን ቀልቦ፣ 37 ደግሞ ስታምፕ አድርጎ (መቺው ከመስመሩ ሲወጣ ዊኬቱን በኳሷ አፍርሶ) አስወጥቷል።